ያጠናኸው የት ሄደ?

ጥያቄ ቁጥር 14። ፊዚክስ።

ይህን ታውቀዋለህ። ባለፈው ማክሰኞ ማታ አጥንተኸዋል። ደብተርህ ላይ የት ጋ እንዳለ እንኳን ይታይሃል፤ በግራ ገጽ፣ ከስዕሉ ሥር፣ በቀይ እስክሪብቶ ተከቦ። ገጹ አለ። ቀዩ ክብ አለ። ፎርሙላው ግን የለም።

መዳፍህ ያልበዋል። ልብህ ደረትህን ይደበድባል። ጎንህ ያለው ልጅ አንሰር ሺቱን ያጠቁራል፣ ያጠቁራል፣ ገጽ ይገልጣል። ፈታኙ ሰዓቱን አይቶ «30 ደቂቃ ቀርቷችኋል» ይላል። አሁን ደግሞ ቁጥር 15ም ጠፋ።

ፈተናው ያልቃል። ትወጣለህ። ከበሩ ብዙም ሳትርቅ ፎርሙላው ከች! ሙሉውን። ከነምልክቱ።

ደርሶብህ ያውቃል?

እንግዲያው ስማኝ። ማትሪክ የምትጠብቅ የ12ኛ ክፍል ተማሪም ሁን፣ ኤግዚት ኤግዛም የቀረህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ እዚህ ደቡብ ጎንደር ውስጥ ንፋስ መውጫም ሁን ስማዳ ወይም እስቴ፣ ነገሩ አንድ ነው። ደነዝ አይደለህም። ጭንቅላትህም አልተበላሸም። ያጠናኸው እዚያው አለ። ያቃተህ ማውጣቱ ነው። ማውጣት ደግሞ በልምምድ የሚገኝ ችሎታ ነው። ዛሬ ማታ መጀመር ትችላለህ።

መጀመሪያ ግን የሆነውን እወቀው።

ስትደነግጥ ሰውነትህ ምን ያደርጋል? ከኩላሊቶችህ በላይ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። በመጀመሪያ አድሬናሊን ይለቃሉ፤ ልብህ የሚሮጠው በእሱ ነው። ደቂቃዎች ቆይቶ ኮርቲሶል ይከተላል። ኮርቲሶል በደምህ ተጉዞ አንጎልህ ውስጥ ይገባል። እዚያ ሂፖካምፐስ የሚባል ክፍል አለ፤ የተማርከውን የሚያስቀምጥልህም፣ ስትጠይቀው የሚያወጣልህም እሱ ነው። ኮርቲሶል ሲበዛበት ማውጣቱ ያቅተዋል። ሰውነትህ ጅብ የመጣ መስሎታል። ከጅብ ለማምለጥ ደግሞ የኒውተን ሕግ አያስፈልግም፤ እግር ነው የሚያስፈልገው።

እ.ኤ.አ. በ2000 ዶሚኒክ ደ ከርቫን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይህንኑ ፈተሹ። ጤነኛ ሰዎች ቃላት እንዲያጠኑ አደረጉ፤ በማግስቱ ጠየቋቸው። ለአንዳንዶቹ ሰውነት ውስጥ ወደ ኮርቲሶል የሚለወጥ ኪኒን ሰጧቸው። ከማጥናታቸው በፊት የወሰዱት አልተጎዱም። አጥንተው እንደጨረሱ የወሰዱትም አልተጎዱም። ከጥያቄው አንድ ሰዓት በፊት የወሰዱት ግን ያስታወሱት ቃል አነሰ።

ይህን ደግመህ አንብበው። ትምህርቱ አልጠፋም። በዚያች ሰዓት መውጣት ነው ያቃተው።

ሌላም አለ። ሰው በአንድ ጊዜ አእምሮው ውስጥ ይዞ ሊያሠራው የሚችለው ነገር አራት ያህል ብቻ ነው። አራት! አንዱን «ብወድቅስ» ያዘው። ሁለተኛውን «አባቴ ምን ይለኛል» ያዘው። ለሒሳቡ ስንት ቀረህ?

ትንሽ ጭንቀት ግን ጠላትህ አይደለም። ጨርሶ ያልተጨነቀ ሰው አያጠናም። መጠነኛ ግፊት ያነቃል፣ ከልክ ያለፈው ያደናግራል፤ ይህ እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ፣ ይርክስና ዶድሰን የተባሉት ሰዎች በአይጦች ላይ ካጠኑት ጊዜ አንስቶ የሚታወቅ ነገር ነው። ስለዚህ ዓላማህ ጭንቀትን ማጥፋት አይሁን። እየተጨነቅህም ማስታወስ ይሁን።

ለምን እንደምትጨነቅ አውቃለሁ። ቁጥሩን ሰምተሃል። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ወደ 900 ሺህ ተማሪ ተቀምጦ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 30 ሺህ አልሞላም። 3.3 በመቶ። በ2015 ዓ.ም. 3.2። በ2016 ዓ.ም. 5.4። በ2017 ዓ.ም. 8.4። ይህን ቁጥር ይዞ ፈተና የሚገባ ልጅ ከአራቱ ቦታ አንዱን አስቀድሞ አስረክቧል። ቁጥሩን ግን ልብ ብለህ እየው። የ2017ቱ ከ2015ቱ እጥፍ በላይ ሆኗል። ከፍ እያለ ነው። ደግሞም ቁጥሩ ያለፉትን ሰዎች ይቆጥራል እንጂ አንተን አያውቅህም።

ማለፍና መውደቅ የጭንቀት ጉዳይ ብቻ ነው የሚልህን አትመነው። መምህር የሌለው ትምህርት ቤት አለ። መጽሐፍ ለሦስት የሚካፈልበት ክፍል አለ። ንፋስ መውጫ ደግሞ ሌላም አይታለች፤ በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ስንቱ ልጅ ከትምህርቱ ተስተጓጉሏል። ይህ ያንተ ጥፋት አይደለም። እንቅልፍ የሚነሳህ፣ በቅዠት የሚያባንንህ ነገር ካለ ደግሞ የጥናት ዘዴ ብቻውን አይበቃህም። ለምታምነው ሰው ተናገር። ጤና ጣቢያ ሂድ። መናገር ጉብዝና ነው።

ያንን ሁሉ ግን ዛሬ ማታ አትቀይረውም። የዛሬ ማታውን ጥናትህን ግን ትቀይረዋለህ።

እንዴት ነው የምታጠናው?

ልገምት። ታነባለህ። ታሰምራለህ። ደግመህ ታነባለህ። ሦስተኛው ላይ ዓረፍተ ነገሩ ሳይጀምር መጨረሻው ይታወቅሃል። «ገብቶኛል» ትልና ትከድናለህ። አይደል?

ያ መተዋወቅ ነው። ማወቅ አይደለም። ገጹን ስታየው ታውቀዋለህ፤ ፈተና ላይ ግን ገጹ የለም።

ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለቱን የአጠናን ዓይነቶች አወዳደሩ። አንዱ ወገን ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንብቦ፣ ጽሑፉን አስቀምጦ፣ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ፤ ከጭንቅላታቸው ያወጡት በሰፊው መሩ። ሽምደዳ የሚያታልልህ ለዚህ ነው። ማታውን ጎበዝ ያደርግሃል፤ ፈተናው ግን ማታውን አይደለም።

አሁን ዋናው መጣ። ቦስተን አጠገብ ባለው ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ነው። 120 ሰዎች 30 ቃላትና 30 ስዕሎች አጠኑ። ግማሾቹ በመደጋገም፣ ግማሾቹ ራሳቸውን በመጠየቅ። በማግስቱ ከሁለቱም ወገን ገሚሱን አስጨነቋቸው፤ ሳይዘጋጁ ዳኛ ፊት ቁመው ንግግር እንዲያደርጉና ሒሳብ እንዲሠሩ ታዘዙ። ከዚያ ተጠየቁ። ደጋግመው ካነበቡት መካከል ያልተጨነቁት ከ30ው 9 ገደማ፣ የተጨነቁት 7 ያህል አስታወሱ። ራሳቸውን ሲጠይቁ የነበሩትስ? ያልተጨነቁት 10 ያህል። የተጨነቁት 11 ያህል!

ጭንቀቱ መጣ። ኮርቲሶሉ መጣ። ትውስታቸው ግን አልተነቃነቀም።

ለምን? ሣር ሜዳ ላይ አንድ ጊዜ ብትሄድ ዱካህ አይታይም። በየቀኑ ብትመላለስበት መንገድ ይወጣል፤ ጭጋግ ወርዶ ፊትህን ባታይ እንኳ እግርህ ያውቀዋል። ከጭንቅላትህ ባወጣኸው ቁጥር የምትሠራው ያንን መንገድ ነው። በማንበብ አይሠራም። በማውጣት ነው የሚሠራው።

ይህን ለመማር ደግሞ ባሕር መሻገር አያስፈልግህም። ጋይንት እዚሁ ነው እኮ!

በአብነት ትምህርት፣ ቤተልሔም የድጓ ዜማ ማስመስከሪያ ናት። ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት። ሁለቱም ያሉት እዚሁ ጋይንት ምድር ነው። ስንት ትውልድ ቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ገደል ወጥቶ ወደዚህ አገር ለትምህርት መጥቷል። የተማረውም እንዴት ነው? ማታ ማታ የቃል ትምህርት አለ። ጨለማ ነው። መጽሐፍ አይገለጥም። ትልቁ ተማሪ ይላል፣ ትንሹ ይቀበላል፣ ከዚያ ብቻውን ይለዋል። ሲሳሳት ይታረማል። እንደገና ይላል። ነገ የኔታ ፊት ይቀርባል። እዚያ «አንብቤዋለሁ» የሚባል ነገር የለም፤ «ገብቶኛል» የሚባልም የለም። በቃልህ ትለዋለህ፣ አለዚያ ተመልሰህ ትቀጽላለህ። መጨረሻው ደግሞ ማስመስከር ነው፤ ሊቅ ፊት ቀርቦ መታየት።

በመድረሳ ቁርኣን የሚሐፍዝ ልጅም እንዲሁ ነው። ኡስታዙ ፊት ተቀምጦ፣ ሙስሐፉ ተከድኖ፣ በቃሉ።

አስተውል። እነዚህ ልጆች በየቀኑ ከጭንቅላታቸው ያወጣሉ። በየቀኑም የሚፈሩት መምህር ፊት ነው የሚያወጡት። ትውስታውንም ጭንቀቱንም አብረው ይለማመዱታል። ተፍትስ ላይ በ120 ሰዎች የታየው፣ እዚህ አገር በሺዎች አፍ ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል። እኔ በዚህ እኮራለሁ። አንተም ኩራ። ከዚያ ተጠቀምበት።

እንዴት? ዛሬ ማታ ባዮሎጂ ነው እንበል። ፎቶሲንተሲስ።

ሁለት ገጽ አንብብ። ሁለት ብቻ። መጽሐፉን ክደነው። አርቀው፣ አልጋው ላይ ጣለው። ባዶ ወረቀት አውጣ። ብርሃን የሚፈልገው ክፍል የት ይካሄዳል? «ታይላኮይድ» ጻፍክ። ጎበዝ። ምን ይወጣዋል? ኦክስጅን፣ ኤቲፒ... ሦስተኛው? አቃተህ። ጠብቅ። አትክፈት። ግንባርህን እሸው፣ ተነሥተህ ተቀመጥ፣ ሌላ ግማሽ ደቂቃ ፈልገው። «ኤንኤዲፒኤች!» መጣ። ካልቪን ሳይክልስ የት ነው? ይሄ ጨርሶ አልመጣም። እሺ፣ አሁን ክፈት። ስትሮማ። በቀይ ጻፈው። ነገ ጠዋት፣ ገና ፊትህን ሳትታጠብ፣ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው። ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና። ከሳምንት በኋላ እንደገና።

ይከብዳል? አዎ። ከማንበብ ይከብዳል። ያ ግማሽ ደቂቃ ያስጠላል፤ ምንም የማታውቅ ይመስልሃል። ብዙ ተማሪ የሚያቆመው እዚያች ላይ ነው። አንተ አታቁም! መንገዱ የሚሠራው በዚያች ግማሽ ደቂቃ ነው።

አንቺስ? «ጊዜ የለኝም» ልትይኝ ነው። ልክ ነሽ፤ ወንድምሽ ደብተር ይዞ ሲቀመጥ አንቺ ውኃ ትቀጃለሽ፣ ምጣድ ትጥጃለሽ። እናትና አባት ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ በፈተናው ሰሞን ሥራዋን ተካፈሉላት፤ ይህ ውለታ አይደለም፣ የሚገባት ነው። እስከዚያው ግን አንቺ አንድ ነገር ያዢ። ራስን መጠየቅ መጽሐፍ አይፈልግም። መቀመጫም አይፈልግም። አንዱ እንጀራ አክንባሎ ተከድኖበት እስኪበስል አንድ ጥያቄ። የአሲድና የቤዝ ልዩነት ምንድን ነው? እንጀራውን ስታወጪ መልሱንም አውጪ። ቀጣዩን አስፊ፤ ቀጣዩን ጠይቂ። ሃያ እንጀራ፣ ሃያ ጥያቄ። ያቃተሽን ብቻ ያዢውና ማታ መጽሐፉን ክፈቺ። ጀሪካን ተሸክመሽ ስትመለሺም እንዲሁ።

ከገጠር መጥተህ ከተማ ቤት ተከራይተህ የምትማረው አንተ ደግሞ ጥሩ ዕድል አለህ። ከጓደኞችህ ጋር ነው የምትኖረው። ድንቹ እስኪቀቀል ተጠያየቁ። አንዱ መምህር ይሁን፣ ሌሎቹ ይመልሱ። አትሳሳቁ፤ የምር አድርጉት።

አሁን አንድ ደረጃ ከፍ በል። ጭንቀቱንም ተለማመደው።

ከ2014ቱ ፈተና ጀምሮ ማትሪክ በአብዛኛው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። አውቶቡስ ትሳፈራለህ። ደብረ ታቦር ይሁን ጎንደር ወይም ባሕር ዳር፣ የማታውቀው ዶርም፣ የማታውቀው አልጋ፣ የማታውቀው ፈታኝ ይጠብቅሃል። ስልክህን አታስገባም። ከ2016 ወዲህ በኮምፒውተር የሚፈተንም አለ። ይህ ሁሉ አዲስ ነገር በአንድ ጊዜ ሲወርድብህ ኮርቲሶልህ ሰማይ ቢነካ ይገርማል? አይገርምም። ስለዚህ አስቀድመህ ልመደው። የድሮ ማትሪክ ጥያቄ ፈልግ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ባዶ ክፍል አስፈቅዳችሁ ግቡ። ስልክ ውጭ ይቅር። ሰዓት አስቀምጡ። አንዱ ፈታኝ ሆኖ በመካከላችሁ ይመላለስ፣ ደቂቃ ይጥራ። መጀመሪያ ልብህ ይመታል። ሲደጋገም ግን ልብህ እየመታ እጅህ ይሠራል። የምንፈልገው ያንን ነው!

ሞዴል ፈተና ወደቅህ? እሰይ። ቀዩን ምልክት ያገኘኸው ዋጋ በማያስከፍልበት ቦታ ነው።

በፈተናው ሰሞን ደግሞ ቴሌግራም ላይ «ፈተናው ወጥቷል» የሚል ይመጣልሃል። አትንካው። በግንቦት 2008 የወጣ ፈተና በመላ አገሪቱ ፈተናውን አሰርዟል፤ የለፋውም ያልለፋውም አብሮ ተጉላልቷል። የውሸቱ ደግሞ ይብሳል፤ ሌሊቱን የማይመጣ ጥያቄ ስትሸመድድ ታድራለህ፣ ጠዋት ጥናትህንም እንቅልፍህንም አጥተህ ትገባለህ።

እንቅልፍ! ይህን በጩኸት ነው የምነግርህ። ቀን ያጠናኸውን አንጎልህ የሚያጸናው ስትተኛ ነው። እንቅልፍ የጥናቱ አካል ነው። የንፋስ መውጫ ሌሊት ይበርዳል፤ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ነህ። ቡና እየደጋገምህ፣ ጋቢ ተከናንበህ፣ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ማፍጠጥ የጉብዝና ምልክት ይመስልሃል። አይደለም። ከፈተናው ቀደም ባሉት ሳምንታት በጊዜ መተኛት ጀምር። በዋዜማው ማታ አዲስ ምዕራፍ አትክፈት።

ደረስን። ጠዋት ነው። ልትገባ ነው።

ልብህ መምታት ጀመረ። «ፈራሁ» አትበል። «ሰውነቴ ተዘጋጀ» በል። ቀልድ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ጄርሚ ጀሚሰን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት አለ፤ የልብ ምት መጨመር ለፈተና እንደሚጠቅም አስቀድሞ የተነገራቸው ተማሪዎች ካልተነገራቸው የተሻለ ሒሳብ ሠርተዋል። ፍርሃቱ ከበዛብህ ደግሞ ከመነሣትህ በፊት ዶርም ውስጥ ለ10 ደቂቃ የሚያስፈራህን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፈው። ሳታሳምር፣ ሳታርም። ቺካጎ ላይ ራሚሬዝና ቤይሎክ እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን ሞክረው በጣም የሚጨነቁት ተማሪዎች ውጤት ተሻሽሏል። «ብወድቅስ» ወረቀቱ ላይ ሲሰፍር ከአራቱ አንዱ ቦታ ይለቀቅልሃል። ወረቀቱን ቅደደውና ሂድ።

ወረቀቱ ሲታደል መጀመሪያ በእርግጠኝነት የምታውቀውን ፈልግ። ቁጥር 1 መሆን የለበትም። ቁጥር 9 ሊሆን ይችላል። እሱን ሥራ። ሁለተኛውን ሥራ። አንድ የጠፋብህ ሲመጣ አትታገለው፤ ምልክት አድርግና እለፍ። አየሩን በአፍንጫህ ሳብ፣ ቀስ ብለህ፣ ከሳብክበት አስረዝመህ አስወጣ። ሁለቴ፣ ሦስቴ። ወደ ቀጣዩ። ያለፍከው ጥያቄ ሌላ ስትሠራ ድንገት ይመጣልሃል፤ ያን ጊዜ ተመለስ። የዘለልከው ጥያቄ ቁጥርና አንሰር ሺቱ ላይ የምታጠቁረው ቁጥር እንዳይዛባብህ ግን ተጠንቀቅ፤ በዚህ ብዙ ልጅ ተጎድቷል።

ጨረስክ። ወጣህ። በር ላይ «ቁጥር 22 ምን መለስክ?» የሚሉ ልጆች ክብ ሠርተው ቆመዋል። አትቁም! መልሱ አንሰር ሺቱ ላይ ቀርቷል፤ አይቀየርም። መሳሳትህን ብታውቅ የምታተርፈው ጭንቀት ብቻ ነው፤ ኮርቲሶሉም ለከሰዓቱ ፈተና ይተርፍብሃል። ሰላም ብለህ እለፋቸው። ምሳህን ብላ። ውኃ ጠጣ። ትንሽ ጋደም በል። ከሰዓት አፕቲትዩድ አለ፤ ቀደም ብለህ ግባ፣ እርሳስህንም ቅረጸው።